የሂንዳ ፊተኛው ቀሚስ

ከካራማራ በኩል የሚነሣው የክረምት ነፋስ ሐምሌ ፳፰ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም. ማለዳ የጅግጅጋን ሜዳ አቋርጦ ወደ ከተማይቱ ሲገባ የወትሮውን አቧራ ብቻ ይዞ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ግን የጭስ ሽታ ጨመረበት። ባለሱቆች ገና በጠዋቱ የከፈቱትን በር መልሰው ይዘጉ ጀመር፤ ባጃጆች ሰው ሳይጭኑ ይከንፋሉ፤ የጦር ሠራዊት ገብቷል ይባላል፤ የክልሉ ሹማምንት እንዲህ ሆኑ፣ እንዲያ ሆኑ ይባላል፤ የሚባለው ብዙ፣ የሚታወቀው ግን ጥቂት ነበር። የዚያን ቀን ነገር ሰው ሁሉ በየፊናው ስለሚያወራው፣ እኔም ብሆን የቱን አምኜ የቱን እንደምጥል እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። ስለዚህ የሹማምንቱን ነገር ለሹማምንት ታሪክ ጸሐፊዎች ትቼ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ እናገራለሁ።

ወይዘሮ እናትአለም ይባላሉ። ከአሰላ ወጥተው ጅግጅጋ የገቡት ገና በልጅነት ዕድሜያቸው፣ ባላቸውን ሹፌሩን አቶ ቀናውን ተከትለው ነበር፤ አቶ ቀናው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ በኋላ ዘመድ ሁሉ «ተመለሺ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ በረሃ?» ቢላቸው እንቢ ብለው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከአንድ በእግር ከሚነዳ የስፌት መኪና ጋር ቀሩ። ልብስ ሰፊ ሁሉ ትራፊ ጨርቅ ይሰርቃል ተብሎ በሚታማበት አገር እርሳቸው የተረፈውን ጠቅልለው ከልብሱ ጋር ይመልሱ ነበር፤ ባለቤቱ «ይቅር» ያለውን ብቻ በጆንያ ያከማቻሉ። ከዓመት ዓመት ጆንያው ጆንያ ወልዶ የሱቁን አንድ ጥግ ሞላ፤ ለምን እንደሚያስቀምጡት ሲጠየቁም «እኔ ምን አውቄ፣ መጣል አይሆንልኝም!» ይሉ ነበር።

በዚያች ቅዳሜ መኪናው ላይ የነበረው የሂንዳ የሠርግ ቀሚስ ነው። ሂንዳ የወይዘሮ ሆዶ ልጅ ናት፤ ወይዘሮ ሆዶ ደግሞ ከቶጎጫሌ ሰልባጅ ልብስ በቦንዳ እያስመጡ ከሱቁ ፊት ለፊት የሚሸጡ፣ ሐርተሼክ ተወልደው ያደጉ፣ ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ የሶማሌ ሴት ነበሩ። ጨርቁን፣ ያን ወርቃማ አበባ የፈሰሰበትን ስስ ነጭ ጨርቅ፣ መርጠው ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ለዚሁ ሲሉ ከአይሱዙ ጭነት ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሮ ወጌሻ ካሰረው ገና ብዙም አልቆየም። ወይዘሮ እናትአለም የእጅጌውን ጫፍ ሲሰፉ የታችኛው ነጭ ክር አለቀባቸው፤ ክር የሚገዙበት ሱቅ ሁሉ ዝግ ሆኖ ስላገኙት «ነገ ተርትሬ አስተካክለዋለሁ» ብለው ቢጫ ክር አገቡበት። ያንን ስፌት ሳይጨርሱ የመጤ ሱቅ እየለየ የሚዘርፍ ሰው ጩኸትና የድንጋይ ድምፅ ቀረበ።

ሴትዮዋ አልጮኹም፤ መኪናውን ፈቱ። የብረቱን ራስ ከገበታው ላይ አንሥተው ጥግ አስቀመጡና የቁርጥራጩን ጆንያዎች አንድ በአንድ ገልብጠው አፈሰሱበት፤ የጨርቅ ተራራ ሆነ። «ደግሞ ማን ቁርጥራጭ ይሰርቃል?» አሉ ለራሳቸው። ወዲያው ወይዘሮ ሆዶ በጓሮ በር ገቡና፣ ባልታሰረው እጃቸው የራሳቸውን ሻሽ አንሥተው ጎረቤታቸውን ከራስ እስከ ወገብ ሸፈኗቸው።

«ተነሺ አባዮ!» አሏቸው፤ በእነርሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። «ዛሬ የመስፋት ቀን አይደለም። አንገትሽን ደፍተሽ ከኋላዬ ነይ። ሰው ቢያናግርሽ እኔ ነኝ የምመልሰው።»

እንዲህ ሆነው ወደ ሆዶ ቤት ገቡ፤ ከተማይቱ እስክትረጋጋም እዚያው ከጓዳው ሳይወጡ ተቀመጡ። አብያተ ክርስቲያናት እንደተቃጠሉ፣ ሰው እንደሞተ እዚያው ሆነው ሰሙ። ከነገሩ ሁሉ መካከል አንዱን ብቻ አንሥተው «ሆዶዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ መኪናዬን ከቁርጥራጩ ስር ቀብሬዋለሁ። እሱ ከተረፈ እኔም ተረፍኩ» አሉ። ሆዶ «ዝም በይና ሻሂሽን ጠጪ» ብለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ልብሳቸው አቧራ ለብሶ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «ምን አየሽ?» ቢባሉ «ምንም» አሉ፤ ያ በአንድ ጊዜ አሥር ወሬ የሚያወራ አፍ እስኪመሽ ድረስ አልተከፈተም።

ነገሩ ጋብ ሲል ወይዘሮ እናትአለም ወደ ሱቃቸው ሄዱ። በር የለም፤ መቀስ የለም፤ የደንበኞች ልብስ፣ የሂንዳ ቀሚስም ጭምር፣ የለም። ቁርጥራጩ ብቻ በወለሉ ሁሉ ተበትኖ ቀርቷል፤ ከስሩ የነበረው መኪና ግን የለም። እዚያው ቁርጥራጩ ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። ሌባ የሚያብረቀርቀውን ከወሰደ በኋላ ደግሞ ቁርጥራጭ ገልብጦ ከስሩ ብረት ይፈልጋልን? የሚያውቅ ሰው ካልነገረው በቀር? የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሴትየዋ ጥያቄ ይህ ሆነ፤ ያዳነችኝ እጅ ናት ወይስ የዘረፈችኝ? የሙያ ባልደረባቸው ወይዘሮ የሺጥላ፣ አፏ እንደ መርፌዋ የሾለ ሴት፣ ፍርዷን ለመስጠት ብዙም አልዘገየችም።

«ለማን ተናግረሽ ነበር?»

«ለሆዶ።»

«ለሌላስ?»

«ለማንም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ግራ የገባሽ?»

«ሕይወቴን ያተረፈች ሴት መኪናዬን ምን ታደርገዋለች? መስፋት እንኳ አታውቅም እኮ!»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? እሷን ጠይቂያት!»

አልጠየቋቸውም። ቢጠይቁና ሆዶ ንጹሕ ቢሆኑ፣ በዚያ እሳት ውስጥ በአንድ እጇ ጎትታ ያወጣችኝን ሴት ሌባ ማለት ምን ዓይነት ውለታ ቢስነት ነው? ቢጠይቁና ሆዶ ጥፋተኛ ቢሆኑስ፣ በዚያ ጓዳ ውስጥ ያመኑት ሁሉ ምን ሊሆን ነው? እንግዲህ ፍረዱ፤ እኔ ብሆን የትኛውን እንደምመርጥ አላውቅም። ይልቁንም የባሰ ነገር አደረጉ፤ የጠፋው የሰው ዕዳ ነው ብለው ያንኑ የመሰለ ጨርቅ ፈልገው ለሂንዳ ሁለተኛ ቀሚስ በእጅ መርፌ ሰፉላት። ሆዶ አጠገባቸው ተቀምጠው ሲሰፋ እያዩ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ሂንዳም በዚያ ቀሚስ ተድራ ወደ ደምበል ሄደች።

መኪና የሌላት ልብስ ሰፊ ምን ትሠራለች? መንገዱን ያሳዩአቸው እኒያው ሆዶ ናቸው። አንድ ቀን ቁርጥራጩን በእግራቸው ገፋ አድርገው «ይህ ሁሉ ምን ይሠራል?» አሉ። «እኔ ልጅ ሳለሁ ሐርተሼክ ላይ ስደተኛው ቤቱን በጨርቅ ነበር የሚሠራው። እንጨቱን ያጎብጥና የቀሚስ ትራፊ፣ የጆንያ፣ የብርድ ልብስ፣ ያገኘውን ሁሉ አያይዞ ያለብሰዋል። ከሩቅ ስታይው ወላሂ ያምራል። ውስጡ መኖር ነው እንጂ የማያምረው። እስቲ እንደዚያ አያይዢው።»

አያያዙት። መጀመሪያ የትራስ ልብስ፣ ቀጥሎ የአልጋ ልብስ፣ በኋላም ግድግዳ የሚሸፍን መጋረጃ ሆነ፤ ሆዶ ከቦንዳው ውስጥ ማንም የማይገዛውን፣ ቁልፉ የረገፈውን ሸሚዝ፣ ጉልበቱ ያለቀውን ሱሪ እየለዩ በጆንያ ያመጡላቸዋል፤ እርሳቸው አጥበው፣ ቆርጠው፣ ቀለም ከቀለም አጋጥመው ይሰፉታል። ሰው ሥራውን እየወደደው መጣ። ሁለቱ ሴቶችም በየቀኑ ጎን ለጎን ይውላሉ፤ ይቀላለዳሉ፤ በጾምና በረመዳን ወራት አንዷ የሌላዋን ሰዓት ታስታውሳለች። ያ ጥያቄ ግን ከመካከላቸው አልተነሣም። ወይዘሮ እናትአለም አንዳንድ ጊዜ መርፌያቸውን አቁመው የሆዶን እጅ ትክ ብለው ያዩት ነበር።

በ፳፻፲፭ ዓ.ም. በወርኃ ጥር ወይዘሪት ኢዲል የምትባል ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ መጣች። የካቲት ፳፱ ለሚከበረው የሴቶች ቀን ከአሮጌ ጨርቅ የተሠሩ የእጅ ሥራዎች ዓውደ ርእይ ይደረጋል፤ ትልቁ ግድግዳ ለርስዎ ነው አለቻቸው። ሴትዮዋ ደስታውን አልቻሉትም፤ ያላቸውን ቁርጥራጭ ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግተው እንደ ሐርተሼክ ቤት ጣራ ከዳር ወደ መካከል እየከበበ የሚሄድ ትልቅ ጨርቅ ጀመሩ። ከዳሩ የጎሸውና የደበዘዘው፣ ወደ ውስጥ ደግሞ የደመቀው እየሆነ ሄዶ መካከሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለመካከሉ የሚመጥን ጨርቅ ጠፋ፤ ያንን ይሞክራሉ፣ ያነሣሉ፣ ይህን ይሞክራሉ፣ ያነሣሉ።

ሆዶ እንደ ልማዳቸው ጆንያ አመጡ፤ በሩ ላይ አስቀምጠው፣ ሳይቀመጡ፣ ሻሂም ሳይጠጡ ሄዱ። ወይዘሮ እናትአለም ጆንያውን ሲፈቱ ከሸሚዝና ከሱሪ ስር አንድ ነገር አብረቀረቀ። ጎትተው አወጡት። ወርቃማ አበባ የፈሰሰበት ነጭ ቀሚስ ነው። እጅጌውን ገልብጠው ቢያዩት ቢጫ ክር አለበት፤ እስከ ግማሽ ተሰፍቶ የቆመ።

«አላልኩሽም?» አለች የሺጥላ፤ ያን ጊዜ እዚያው ነበረች። «አላልኩሽም እናቱ? ከእነሱ ጋር ነበረች! መኪናሽንም የሸጠችው እሷ ናት!»

«ሸጠች ብለሽ አትማዪ።»

«ታዲያ ይህ በክንፍ በሮ ነው እሷ ቤት የገባው?»

ሴትዮዋ ቀሚሱን ወደ ብርሃን ወሰዱት። ተቆጡ፤ አዘኑ፤ ደግሞ በቁጣቸው መካከል ቀሚሱ ባለመቃጠሉ ደስ አላቸው፤ ደስ ስላላቸው ደግሞ በራሳቸው ተናደዱ። መቀስ አንሥተው፣ አስቀምጠው፣ እንደገና አንሥተው በመጨረሻ ደረቱንና እጅጌውን ቆረጡ፤ ከዚያም በትልቁ ጨርቅ መካከል ገልብጠው፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርገው፣ ቢጫው ክር እንዲታይ ሰፉት። ወይዘሪት ኢዲል ጨርቁን ልታስሰቅል ስትመጣ አየችውና በትሕትና «እማማ፣ መካከሉ የተገለበጠ መሰለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«አልተገለበጠም ልጄ» አሏት። «እንዲሁ ስቀዪው።»

በዓሉ ደረሰ፤ አዳራሹ በወንበር፣ በፊኛና በባለሥልጣን ተሞላ። ከትልቁ ጨርቅ ጎን ወይዘሪት ኢዲል በደማቅ ፊደል ያጻፈችው ሰሌዳ ቆሟል፤ «የአብሮነት ጨርቅ» ይላል። ወይዘሮ እናትአለም ልጅቷ ያን ስም ከየት እንዳመጣችው አላወቁም፤ እርሳቸው ለጨርቁ ስም አላወጡለትም። ሆዶ ዘግየት ብለው ገቡ። የተሻለውን ሻሻቸውን ለብሰው፣ ሰላምታ ሳይሰጡ፣ በቀጥታ ወደ ጨርቁ ሄዱና እፊቱ ቆሙ።

«አባዮ» አሉ ዘወር ሳይሉ። «ይህ የልጄ ቀሚስ ነው።»

«ነው።»

«ገልብጠሽ ሰፋሽው።»

«ክሩን እንድታይው ነው። ያን ቀን ነጭ ክር አልቆብኝ በቢጫ የሰፋሁት ነው፤ ልተረትረው አስቤ ሳልተረትረው ቀረ።»

ሆዶ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጆንያው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ረስቼው እንዳይመስልሽ። ስንት ጊዜ ከሣጥን አውጥቼ መለስኩት። በአፌ አልወጣ ሲለኝ ጨርቁ ይንገራት አልኩ።»

«ነገረኝ እንግዲህ። ሱቄ ገብተሽ ነበር።»

«ገብቼ ነበር።»

«ከእነሱ ጋር?»

«ከእነሱ ጋር። ብቻዬን የምገባበት በር ነበር እንዴ? እየጮኹ ሲገቡ እኔም እየጮኽኩ ገባሁ።»

ወይዘሮ እናትአለም ያቺን ቃል ዓመታት አብሰልስለዋት ነበር፤ አሁን ወጣች። «መኪናዬስ ሆዶ?»

«እሱን ልወስድልሽ ነው የሄድኩት። እሱ ከተረፈ እኔም ተረፍኩ አላልሽኝም? ማንም አላየውም ነበር አባዮ። ወላሂ፣ ማንም! ቁርጥራጩን እየረገጡት ነበር የሚያልፉት። እኔ በአንድ እጄ ገፍፌ ገፍፌ አወጣሁት። ላነሣው ብል ክንዴ እንቢ አለ። ሁለት ጎረምሶች አጠገቤ ቆመዋል፤ ልጆቼ፣ ይህን ብረት ቤቴ አድርሱልኝ አልኳቸው። እሺ እናታችን አሉኝ። ደግሞ በትሕትና! አነሡት። ቀሚሱን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ከኋላቸው ስወጣ መንገዱ ላይ የሉም።»

«እሺ እናታችን አሉሽ?»

«እሺ እናታችን አሉኝ።»

ወይዘሮ እናትአለም ሣቁ። መሣቅ አልፈለጉም፤ ሣቁ ግን መጣ፤ ከሣቁም ጋር እንባቸው መጣ፤ የሚያልፉት እንግዶች ዘወር እያሉ አዩአቸው። «ደብቄው ነበር እኮ» ይላሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «ጥሩ አድርጌ ደብቄው ነበር እኮ!»

«ደብቀሽው ነበር። የገለጥኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ቤቴ ደብቄሽ፣ ዕቃሽን ግን ለሌባ አሳየሁ ልበል? ሌባ ብሆን በተሻለኝ! ሌባ እንኳ ዕቃው እጁ ላይ ይቀራል።»

«ሁለተኛውን ቀሚስ በእጄ ስሰፋ ዝም አልሽ። ጣቴ እየደማ!»

«ዝም አልኩ» አሉ ሆዶ፤ ዓይናቸው ሞላ። «ፊተኛው ሣጥኔ ውስጥ እያለ፣ እያየሁሽ ዝም አልኩ። እሱን አተረፍኩልሽ ካልኩ መኪናውን ትጠይቂኛለሽ። ለዝምታዬ ደግሞ ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈራሁ፤ ይኸው ነው።»

የመኪናው ነገር እንግዲህ ታወቀ። መታወቁ ግን ምንም አላቃለለም፤ የሚጠሉት ሌባ ቢያገኙ ይጠሉ ነበር፤ የሚያመሰግኑት ንጹሕ ሰው ቢያገኙ ያመሰግኑ ነበር፤ ያገኙት ግን በአንድ ክንዷ ሁለቱንም ያደረገች ጎረቤት ነበረች። ሁለቱ ገና ጨርቁ ፊት ሳሉ ወይዘሪት ኢዲል አንድ ጋዜጠኛ ከነካሜራው አስከትላ መጣች።

«ወይዘሮ እናትአለም፣ የጨርቁ መካከል ምን ያመለክታል? እባክዎ ለተመልካቾቻችን ቢያብራሩልን።»

ሆዶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሱቃቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሺጥላም ከበሩ አጠገብ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። አንድ ቃል ቢወጣ ሆዶ በዚያች ከተማ ውስጥ ከዚያ በኋላ ስማቸው ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁታል። ወይዘሮ እናትአለም ማይክሮፎኑን አዩ፣ ክሩን አዩ፣ የጎረቤታቸውንም እጅ አዩ።

«የጎረቤቴ ልጅ የሠርግ ቀሚስ ነው» አሉ። «በዚያ በክፉው ቀን ከሱቄ ሙሉ ሆኖ የወጣ ልብስ ይህ ብቻ ነው። ያወጣችውም ይህቺ ናት።»

ሰው አጨበጨበ። ጋዜጠኛው ካሜራውን ወደ ሆዶ አዞረ፤ ሆዶ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ ሁሉም ትሕትና መሰለው። ሰው ሲበተን ሆዶ ጠጋ ብለው «ግማሹን ብቻ ነው የነገርሽው» አሉ፤ የተቆጡ ይመስሉ ነበር።

«ሌላው ግማሽ ለኔም ገና አልገባኝም» አሉ ወይዘሮ እናትአለም። «ሲገባኝ እነግራቸዋለሁ።»

እስከ ዛሬ አልነገሩም። ጨርቁ ከዓውደ ርእዩ በኋላ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተወስዶ ከአንድ ኃላፊ ወንበር ጀርባ ተሰቅሏል፤ የወንበሩ መደገፊያ ረጅም ስለሆነ ቢጫውን ክር ይሸፍነዋል። በዚያ ዘመን ስለ ጅግጅጋ የሚጻፈው ታሪክ ቀኑን አስታውሷል፤ እሳቱን አስታውሷል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳዳነም እዚህም እዚያም ጠቅሷል፤ የጠቀሰውም እውነት ነው። አንዲት ሴት ያመነቻትን ልታድን ብላ የተደበቀውን እንደገለጠች ግን የሚጽፍለት አላገኘም። እኔም እነሆ ጽፌው ሳበቃ፣ ከምስጋናው ወገን ይሁን ከወቀሳው ወገን የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም።

ሆዶ አሁንም ጆንያ ያመጣሉ። እንደ ድሮው በሩ ላይ ጥለው አይሄዱም፤ ገብተው፣ ወለሉ ላይ ገልብጠው፣ እያንዳንዱን ጨርቅ በወይዘሮ እናትአለም ፊት ያገላብጡታል። ለዕቃ ቶጎጫሌ ሲወርዱም ሁለቱ ሴቶች አብረው ነው የሚሄዱት፤ አሮጌ የስፌት መኪና የተዘረጋበት ባዩ ቁጥር ሁለቱም፣ አንዷ ለሌላዋ ሳትነግር፣ ቆም ይላሉ። ወይዘሮ እናትአለም ጎንበስ ብለው ብረቱን ይዳብሳሉ፤ ሆዶ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«እሱ ነው?»

«አይደለም።»

ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ሆዶ ዕቃውን በዚያ በተሰበረው ክንዳቸው ካልያዝኩ ብለው ይጨቃጨቃሉ።